ሞዴለር ገዛሁ፤ አሁን ምን ስፒከር ላገናኘው? ከጅማ ጊታሪስቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር የምንጫወት ሰዎች በአብዛኛው እንተዋወቃለን። አንዱ ሞዴለር፣ ማለትም የጊታር አምፕን (የድምፅ ማጉያን) ድምፅ በዲጂታል አስመስሎ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ካስመጣ ወሬው በማግስቱ ሁላችንም ጋ ይደርሳል። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ስልኬ ይጮኻል። «በሄድፎን ስሰማው ልቤ ጥፍት ይላል። ስፒከር ላይ ሳደርገው ግን ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ሆነ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። የጎደለው፣ አንዳንዴም የበዛው፣ ካቢኔት (የጊታር ስፒከሩ ከነሳጥኑ) ነው። በልምምድ ቤት፣ በቸርችና በሰርግ መድረክ ደጋግመው የተጠየቅኳቸውን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ሞዴለሩ ሁሉንም ነገር ይሠራል ከተባለ፣ ስፒከሩ ምን ለውጥ ያመጣል?

የጊታር ስፒከር ቤት ውስጥ ሙዚቃ እንደምንሰማበት ስፒከር አይደለም። የሙዚቃ ስፒከር የተሰጠውን ሁሉ እንዳለ ማውጣት አለበት፤ ከወፍራሙ ቤዝ እስከ ቀጭኑ ጸናጽል። የጊታር ስፒከር ግን ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ሰለስቲየን ቪንቴጅ 30 የሚባለውን ታዋቂ ስፒከር ብንወስድ፣ የፋብሪካው ወረቀት ከ70 እስከ 5000 ኸርትዝ ይላል። ደህና ሞንታርቦ ወደ 20,000 ኸርትዝ ይጠጋል።

ይህን እንደ ጉድለት አትዩት። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን) ስንከፍት ከ5000 ኸርትዝ በላይ የሚፈጠረው ጩኸት ጆሮ ይበሳል። ስፒከሩ ያንን ቆርጦ ሲጥለው ነው የጊታር ድምፅ የምንለው የሚቀረው። ስለዚህ ስፒከሩና ሳጥኑ የመሣሪያው አካል ናቸው። ማሲንቆ ላይ የተወጠረው ቆዳ ቢነሳ ጭራው ብቻውን ምን ድምፅ ይሰጣል? ይህም እንደዚያው ነው።

ሞዴለሩ ይህንን ታሳቢ አድርጎ ነው የተሠራው። አምፑን ብቻ ሳይሆን ስፒከሩን፣ ሳጥኑን፣ ከሳጥኑ ፊት የተተከለውን ማይክ ጭምር አስመስሎ ያወጣል። ይህ ክፍል በአብዛኞቹ ሞዴለሮች ላይ «ካብ» ወይም «አይአር» ተብሎ ተቀምጧል። ሊበራም ሊጠፋም ይችላል። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሾቹ መልሳቸው እዚህች ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነው።

ታዲያ የጊታር ካቢኔት ልግዛ ወይስ ሞንታርቦ?

ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ሞዴለሩ ውስጥ ያለውን ካብ አብርታችሁ፣ የራሱን ጠባይ በማይጨምር ስፒከር ማውጣት ነው። ሞንታርቦ፣ የስቱዲዮ ሞኒተር፣ ሄድፎን ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው፣ ካቡን አጥፍታችሁ፣ ለስፒከሩ ጉልበት በሚሰጥ ፓወር አምፕ በኩል ወደ እውነተኛ የጊታር ካቢኔት መግባት ነው።

ሕጉ አንድ ነው። ከጊታሩ እስከ ጆሮ ባለው መንገድ ላይ አንድ ካቢኔት ብቻ ይኑር። ምንም ከሌለ ንቡ ይመጣል። ሁለት ከሆነ ድምፁ ይታፈናል።

ሁለት ሲሆን ምን እንደሚመስል የተማርኩት በሰው ሰርግ ላይ ነው። የጓደኛዬን የጊታር ካቢኔት ተውሼ፣ የሞዴለሩን ካብ ሳላጠፋ መድረክ ወጣሁ። ጊታሬ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ሰው መሰለ። ትሬብሉን ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፤ ምንም። ሙሽሮቹ እስኪሸኙ ድረስ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ከመውጣቴ በፊት መጀመሪያ የማየው ያችን ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

ጅማ ላይ ሆኜ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው የመጀመሪያውን መንገድ ነው። የምንጫወትባቸው ሆቴሎችና ቸርቾች ሞንታርቦ አላቸው። ታዳሚው የሚሰማውም በሚክሰር አልፎ በዚያው በሞንታርቦ የሚወጣውን ነው። ራሳችሁ የምትሰሙት ከዚያ ጋር ከተመሳሰለ፣ ቤት ያዘጋጃችሁት ድምፅ መድረክ ላይ አይክዳችሁም። ሞዴለሩን በጀርባ፣ ጊታሩን በእጅ ይዛችሁ አንድ ባጃጅ ይበቃችኋል።

ሁለተኛው መንገድ የሚያዋጣው ቋሚ የልምምድ ቤት ላለውና አንድ ድምፅ ለሚወድ ሰው ነው። እውነተኛ ካቢኔት ከኋላ ሆኖ ሱሪን ሲያራግብ ያለው ደስታ በሞንታርቦ አይገኝም። የካብ ሲሙሌሽን የሚያሰማን ማይክ የሰማውን ነው። ካቢኔቱ የሚያሰማን ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን አምፕ ነው። ይህን ልዩነት አንዴ የለመደ ሰው መመለስ ይቸግረዋል፤ እውነቱን ነው።

ኤፍአርኤፍአር የሚባለው ምንድን ነው?

ሙሉውን የድምፅ ክልል፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያወጣ ስፒከር ለማለት ነው። ለጊታር ሞዴለር ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ በአሠራር ከሞንታርቦ አይለዩም፤ ውስጣቸው አምፕ፣ ለወፍራሙ ድምፅ ዎፈር፣ ለቀጭኑ ደግሞ ትዊተር አለ። ስሙ ላይ ገንዘብ አታውጡ። ደህና ሞንታርቦ ካላችሁ ኤፍአርኤፍአር አላችሁ ማለት ነው።

ያገለገለ ሞንታርቦ ሳይ ምን ልፈትሽ?

ሱቅ ስትሄዱ ሞዴለሩን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ግን ጊታር አታጫውቱ። በቃላችሁ የምታውቁትን ዘፈን በስልካችሁ ክፈቱና ዘፋኙን ስሙ። ድምፁ በአፍንጫው የሚዘፍን ወይም ባዶ በርሜል ውስጥ የቆመ ከመሰላችሁ ተዉት። ሰው ድምፅ ላይ የሚዋሽ ስፒከር ጊታር ላይም ይዋሻል።

ቀጥሎ ትዊተሩ ጋ ጆሯችሁን አቅርቡ። ብዙ ያገለገለ ሞንታርቦ ቀድሞ የሚሞትበት ትዊተሩ ነው። ዎፈሩ እየሠራ ትዊተሩ ዝም ካለ ድምፁ «ሞቅ ያለ» ይመስላል፤ ሻጩም እንደዚያ ይላችኋል። እንዳትሸወዱ። ከዚያ ዎፈሩን በጣታችሁ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ሲንሸራተት የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል (ኮይሉ) ተጎድቷል።

ከኋላው ኢኪው (የቤዝና የትሬብል ማስተካከያ) ካለው ሁሉንም መሃል ላይ አድርጉ። «ዲጄ» ወይም «ሙዚቃ» የሚል ምርጫ ካለው ወደ «ፍላት» መልሱት። እነዚህ ምርጫዎች ቤዝና ትሬብል የሚነፉ ስለሆኑ ጊታሩን መሃሉን ያሳጡታል።

10 ኢንች ወይስ 12 ኢንች? ለጊታር ብቻ ከሆነ 10 ኢንች ይበቃል። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 82 ኸርትዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው የቤዝ ጊታሪስቱና የድራመሩ ርስት ነው። ኪይቦርድም የምታወጡበት ከሆነ 12 ኢንች ውሰዱ።

ስንት ዋት ይበቃኛል?

በሞንታርቦ ላይ የሚለጠፈው ትልቅ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለቅጽበት የሚደርስበትን ጫፍ የሚያሳይ ነው። ያለማቋረጥ የሚሠራበትን ቁጥር ጠይቁ፤ ወረቀቱ ላይ «አርኤምኤስ» ተብሎ ይጻፋል።

ከዋት ይልቅ የሚረሳው ነገር የስፒከሩ ትብነት ነው። 1 ዋት ተሰጥቶት ከ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያወጣል? ቪንቴጅ 30 ላይ 100 ዴሲቤል ተጽፏል። 97 ዴሲቤል የሆነ ሌላ ስፒከር በ100 ዋት የሚደርስበትን እሱ በ50 ዋት ይደርስበታል። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋልና። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ደግሞ ዋቱ 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ ከ100 ዋት ወደ 150 ዋት ለመውጣት ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም።

የእኔ መለኪያ ድራመሩ ነው። ድራም ካለ፣ ለጊታር ካቢኔት ከ100 እስከ 200 ዋት የሚሰጥ ትራንዚስተር ፓወር አምፕ ያስፈልጋል። ክሊን (ዲስቶርሽን የሌለው) ድምፅ ሳይሰበር እንዲቆም ትርፍ ጉልበት ይፈልጋልና። ድራም ከሌለ የዚያ ሲሶ ይበቃል።

ኦም ምንድን ነው? ተሳስቼ ብሰካስ?

ስፒከሩ ለአምፑ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። በአብዛኛው 4፣ 8 ወይም 16 ነው። ትራንዚስተር ፓወር አምፕ ላይ «ከ4 ኦም በታች አይሰካ» ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 4 ከተባለ 8 ወይም 16 ብትሰኩ ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ አደጋ የለውም። ከተባለው ማነስ ግን አምፑን ያቃጥላል። ሁለት ባለ 8 ኦም ካቢኔቶች ጎን ለጎን ሲሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ በተከታታይ ሲሰኩ 16።

ባለ ቱቦ አምፕ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ኦሙ ከተጻፈው ጋር ይመሳሰል። ያለ ስፒከር ደግሞ በፍጹም አታብሩት፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ገመዱንም ልብ በሉ። ከፓወር አምፕ ወደ ካቢኔት የሚሄደው ወፍራም የስፒከር ገመድ ነው እንጂ የጊታር ገመድ አይደለም። ሁለቱም ጫፋቸው አንድ ዓይነት ጃክ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። የጊታር ገመድ ውስጡ ቀጭን ነው፤ ይግላል።

የትኛውን የጊታር ስፒከር ትመክራለህ?

ስም ከሚያወጡት ውስጥ ሁለቱን ላነሳ። ቪንቴጅ 30 መሃሉ ጎላ ያለ ነው፤ ባንዱ ሲጮህ ሶሎው ሰብሮ ይወጣል። ግሪንባክ የሚባለው ጂ12ኤም ለስለስ ያለ ነው፤ ግን የሚችለው 25 ዋት ብቻ ነው። 200 ዋት ፓወር አምፕ ላይ ብቻውን ከሰካችሁት ለሐዘን ተዘጋጁ።

ትዝታና ባቲ በክሊን ድምፅ ለሚጫወት ሰው እኔ ከስፒከሩ ስም ይልቅ ሳጥኑን አስቀድማለሁ። ጀርባው ክፍት የሆነ ሳጥን ድምፁን ወደ ኋላም ስለሚለቅ ክፍሉን ይሞላል፤ ለጣት ጨዋታ አየር ይሰጣል። ጀርባው የተዘጋ ቤዙን ጠበቅ አድርጎ ወደ ፊት ይገፋል፤ ለከባድ ዲስቶርሽን እሱ ይሻላል።

መሃል ላይ የሚቆሙም አሉ። ሰለስቲየን ኤፍ12-ኤክስ200 መልኩ የጊታር ስፒከር ሆኖ መሃሉ ላይ ለቀጭኑ ድምፅ ሌላ ድራይቨር ያለው ነው። 200 ዋት ይችላል፣ ከ60 እስከ 20,000 ኸርትዝ ይሠራል። የጊታር ሳጥን ውስጥ ትከሉትና የሞዴለሩን ካብ አብርታችሁ ትጠቀማላችሁ። ምርጫው የእኔ ቢሆን፣ አንድ ሳጥን ብቻ መያዝ ለሚችል ሰው ይህንን ነው የምሰጠው።

ሳጥኑን እዚሁ ጅማ አናጺ ሊሠራልኝ ይችላል?

ይችላል! ይህን ጥያቄ ስጠየቅ ደስ ይለኛል። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚወጣው በርጩማ የታወቀ አገር ላይ ቁጭ ብለን ባዶ ሳጥን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ማስጫን አያስፈልገንም። ስፒከሩን ብቻ አስመጡ።

አናጺው መጀመሪያ «በዋንዛ ልሥራልህ» ይላችኋል። ዋንዛ ውብ እንጨት ነው፤ ለበርጩማና ለአልጋ ማን ያህለዋል። ለስፒከር ሳጥን ግን ጣውላ በጅማ ክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይጨማደዳል። መጋጠሚያው ይከፈትና በሁለተኛው ዓመት ሳጥኑ መንጫጨት ይጀምራል። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ያዙ። ንብርብሮቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ አይንቀሳቀስም፣ ጠንካራ ነው፣ ከቺፕውድ ይቀላል። ቺፕውድ ርካሽ ቢሆንም እርጥበት ሲነካው እንደ ዳቦ ይነፋል፤ ቪቴውም ተነቅሎ ይወጣል።

ለአንድ 12 ኢንች ስፒከር ወርዱ 50፣ ቁመቱ 45፣ ጥልቀቱ 28 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ለጊታር ስፒከር ሴንቲ ሜትሩ እዚህም እዚያም ቢል ችግር የለውም። የ12 ኢንች ስፒከር ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 283 ሚሊ ሜትር ነው። ሆኖም ለአናጺው ቁጥሩን አትንገሩት፤ ስፒከሩን ራሱን ይዛችሁለት ሂዱ። አንድ ጊዜ «12 ኢንች» ብዬ በስልክ ነግሬ፣ 12 ኢንች ልክ የተበሳ ቀዳዳ ተቀበልኩ። ስፒከሩ የሚያርፍበት ከንፈር አልነበረውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

መጋጠሚያው በኮላና በቪቴ ይሁን። ምስማር በንዝረት ይላላል። ጀርባውን የተዘጋ ካደረጋችሁ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ እንዳይኖር በኮላና በእንጨት ዱቄት ይደፈን። ጀርባውን በሁለት ቁራጭ አሠርታችሁ መሃለኛው በቪቴ የሚፈታ ቢሆን ደግሞ፣ አንድ ሳጥን ክፍትም ዝግም ይሆንላችኋል። ከሥሩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ አራት እግር አድርጉለት። ከፊት የምታለብሱት ጨርቅ ሲተነፍሱበት ትንፋሽ የሚያሳልፍ ይሁን።

ሞንታርቦ ግን በዚህ መንገድ አታሠሩ። እዚያ የሳጥኑ ውስጣዊ መጠን፣ የአየር ቀዳዳው ርዝመትና ድምፁን ለዎፈርና ለትዊተር የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ተሰልተው የሚገጥሙ ናቸው። በግምት አይሆንም።

አይአር ማውረድ ጥቅም አለው?

አለው፤ ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ ነው። አይአር የአንድ ካቢኔት፣ ማይክና ክፍል የድምፅ አሻራ ነው። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ደካማ ኔትወርክም አይከለክለውም። በነፃ የሚሰጡ ብዙ አሉ።

ችግሩ ብዛቱ ነው። 500 አውርዶ ሲቀያይር የሚያመሽ ልጅ አውቃለሁ፤ ጊታር መለማመዱን ተወ። ሦስት ምረጡ፦ አንድ ክፍት ጀርባ፣ አንድ ዝግ ጀርባ፣ አንድ ለአኮስቲክ። ከዚያ ከ80 ኸርትዝ በታችና ከ6000 ወይም 7000 ኸርትዝ በላይ ያለውን ቁረጡ። ያ ንብ አብዛኛው እዚያ ይቀራል።

ቤት ውስጥ ያማረ ድምፅ መድረክ ላይ ለምን ይበላሻል?

ይህ ብዙ ሰው ስፒከር እንዲቀይር ያደረገ፣ በስፒከር ግን የማይፈታ ችግር ነው።

ጆሯችን ዝቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ ቤዙንና ትሬብሉን አሳንሶ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንን ለክተው አሳይተዋል። ማታ ጎረቤት እንዳይቀየም ዝቅ አድርጋችሁ ስታዘጋጁ፣ ጆሯችሁ የጎደለውን እንዲሞላ ቤዝና ትሬብል ትጨምራላችሁ። ቅዳሜ መድረክ ላይ ሲጮህ ያ የጨመራችሁት ሁሉ ተነስቶ ይመጣል። ቤዙ ይጎርፋል፣ ትሬብሉ ይወጋል፣ መሃሉ ይጠፋል። ጊታር የሚኖረው ደግሞ መሃሉ ላይ ነው።

መፍትሔው ድምፁን በምትጫወቱበት ጩኸት ማዘጋጀት ነው። ቸርቹ ወይም አዳራሹ ባዶ የሆነበትን ከሰዓት ለምኑ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ሞንታርቦውን መሬት ላይ አታድርጉት፤ ወለሉ ቤዙን ያበዛዋል። በማቆሚያ ጆሮ ድረስ ከፍ አድርጉት። ወይም ከእግራችሁ ሥር ጋደም አድርጉና ፊቱን ወደ እናንተ አቅኑት። ቀጭኑ ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ጉልበታችሁ ብቻ የሚሰማው ከሆነ ትሬብል ትጨምራላችሁ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ጆሮ ይደማል።

በብሉቱዝ ስፒከር መለማመድ እችላለሁ?

በብሉቱዝ አይሆንም። ክሩን ስትመቱና ድምፁ ሲመጣ መሃል መዘግየት አለ፤ ምት ያበላሻል። በገመድ መቀበያ ካለው በገመድ ሰኩት፤ ለልምምድ አያንስም።

የድሮ ጊታር አምፕ አለኝ፤ እሱን መጠቀም እችላለሁ?

ከኋላው «ሪተርን» የሚል ቀዳዳ ካለው ጥሩ ነው። ሞዴለሩን እዚያ ሰኩና ካቡን አጥፉ። የአምፑን ፕሪአምፕ (ድምፁን የሚቀርጸውን የመጀመሪያ ክፍል) ዘልላችሁ ፓወር አምፑንና ስፒከሩን ብቻ ትጠቀማላችሁ። ፊት ለፊት ባለው የጊታር መሰኪያ ከገባችሁ ግን አምፕ በአምፕ ላይ ይሆናል።

አሜሪካ ያለ ዘመዴ ስፒከር ሊልክልኝ ነው፤ የምጠነቀቀው ነገር አለ?

መብራቱን! እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ከኋላው «100–240» የሚል ካለ ይሠራል። «120» ብቻ ከሆነ፣ ያለ ትራንስፎርመር በሰካችሁት ቅጽበት ጭስ ነው። ከመላኩ በፊት የኋላውን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት።

እዚሁ የተገዛውም ቢሆን ስታቢላይዘር ይኑረው። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉት። ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩ። ስታበሩ ሞዴለሩ ይቅደም፣ ሞንታርቦው መጨረሻ። ስታጠፉ በተቃራኒው። አለበለዚያ የሚሰማው ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ትዊተር ይገድላል።

ክረምቱን የት ላስቀምጠው?

ሲሚንቶ ወለል ላይ አይሁን። የስፒከሩ ፊት ወረቀት ነው፤ እርጥበት ይጠጣል፣ ይሻግታል። ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ በፕላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ሸፍኑት። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን አጫውቱበት።